የማሩ አውሮፕላን ቀኝና ግራ

ያን የኅዳር ወር መንበረ በሕልም ይሁን በእውን ያልለየለት ኑሮ ነበር የምትኖረው። ቀን በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ክኒን ስታድል ትውልና፣ ሲመሻሽ ቤቷ ገብታ የወንድሟን አውሮፕላን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። የምር አውሮፕላን እንዳይመስላችሁ! ክንፉ ከክንድ ትንሽ የሚረዝም፣ ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ ከምድር ሆነው በሬዲዮ የሚያዙት ነው። ማሩ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ለትምህርት ውጭ አገር ተልኮ ሲመለስ ይዞት መጣ፤ ገጣጥሞ ሳይጨርሰው ወደ ኦጋዴን ዘመተና ቀረ። ሬሳው እንኳ አልመጣም። የመጣው የዕቃ ሳጥኑ ነው።

አባትየው ግራ ጌታ ኃይለ ማርያም ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸውን የሚለምኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«መንበርዬ፣ ሲሄድ መስማቱስ ይቅርብኝ። ሲመለስ ድምጡን ልስማው፤ በእጄም ልያዘው።»

እምቢ አይባል ነገር! ግን አንቴና ያለው ሬዲዮ በዚያ በደርግ ዘመን ቀልድ መሰላችሁ? የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ዳኛው የሚባለው፣ የማሩ አብሮ አደግ ባይሆን ኖሮ ጉዳቸው ይፈላ ነበር። እሱም ቢሆን አንገቱን እያሻሸ፣ «ቅዳሜ ጠዋት አንዴ አብርሩት፤ እኔም ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ሬዲዮው ጽሕፈት ቤት ይገባል» አለ። ነዳጁም ማሩ በጉሎ ዘይት ቀምሞ የተወው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። አንድ በረራ ማለት ነው። ከተሰበረ አባቷ ማሩን ሁለቴ ሊያጡት ነው።

በክንፎቹ ጠርዝ ላይ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ስስ ሳንቃዎች አሉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፤ አውሮፕላኑም ሳንቃው ወደ ተነሣበት ጎን ያጋድላል። ማሩ በደብተሩ፣ «የሬዲዮውን ዘንግ ወደ ቀኝ ስትገፋ የቀኙ ሳንቃ ይነሣ። ቀኝና ግራ የሚባለው ከጭራው በኩል ቆሞ ነው» ብሎ ጽፏል። መንበረ ይህን ከመደጋገሟ የተነሣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላት ነበር። ሽቦዎቹን እንደ ቃሉ አሰረች፤ በዓይኗም አይታ አረጋገጠች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ትከሻዋን ይዘው ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን አለፉና፣ ገብሱ ከታጨደበት ሜዳ ደረሱ። ጉም መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ሜዳው ያለ ወሰን ይመስላል። ሬዲዮው ከሩቅ ይታዘዝ እንደሆነ መሞከር ነበረባት። አባቷን ከአውሮፕላኑ ዘንድ ትታ መቶ እርምጃ ሄደች፤ ጉሙ ከዓይኗ ሰወራቸው። ግራ ጌታ ከአፍንጫው ፊት ለፊት በርከክ ብለው፣ እንግዳ እንደሚያቅፍ ሰው እጃቸውን ዘርግተው፣ በየክንፉ ላይ አንዳንድ መዳፍ አኖሩ።

«ቀኝ ገፋሁ፣ አባባ!»

«ግራው ተነሣ!» አሉ ከጉሙ ውስጥ።

ክው አለች። ቤት በዓይኗ አይታው የለም እንዴ? ደግሞስ አርባ ዓመት ሙሉ የማኅሌቱን የግራ ወገን የመሩ ሰው ቀኝና ግራቸውን ሳቱ ሊባል ነው? ያውም ጎንደር ላይ? ኧረ ወዲያ! መንገድ ላይ ተናግቶ ይሆናል ብላ ሽቦዎቹን ፈታች፤ ሳንቃዎቹን ከምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ክንድ ከወዲህኛው ጎን ወደ ወዲያኛው አዛውራ አሰረች። ተመልሳም ሞከረች።

«አሁን ቀኙ ተነሣ! ሸጋ!»

ይህን ጊዜ ዳኛው ደረሰ። «ቶሎ በሉ፣ ስብሰባ አለብኝ!» ይላል፤ ዓይኑ ግን ከአውሮፕላኑ አልነቀል አለ። ሞተሩ ሲጮህና የጉሎው ሽታ ሲነሣ ሊቀመንበርነቱን ረስቶ፣ «እኔ ልወርውረው፣ እኔ!» አለ። ወረወረውም።

አቤት አበራረር! ከጉሙ በላይ ወጥቶ ፀሐይ ክንፉን ስትነካው መንበረ አፏን ከፍታ ቀረች። በስተግራ ባሕር ዛፎች ነበሩ። ከእነሱ እንዲርቅ ዘንጉን ወደ ቀኝ ገፋች። አውሮፕላኑ ወደ ግራ አጋደለ። የባሰ ገፋች፤ የባሰ አጋደለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ዛፎቹ። ያን ጊዜ አባቷ፣ ሽቦውን ልትፈታ ስትመለስ እንዳገኘቻቸው፣ በሐሳቧ ታዩዋት፤ ከአፍንጫው ፊት ተንበርክከው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ከፊት! በራሳቸው ቀኝ፣ በራሳቸው ግራ!

«ወንድሜን!» ብላ ዘንጉን ወደ ደረቷ ሳበችው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን አንሥቶ ከዛፎቹ ጫፍ ለጥቂት ዞሮ ፊቱን ወደ እነሱ መለሰ። እሷ ከድንጋጤዋ የተነሣ የትኛው ቀኝ፣ የትኛው ግራ እንደሆነ ጠፋባት፤ እንዲያው እንዲመጣ ወደምትፈልግበት ገፋች። መጣ! ወደ ቀኟ ስትገፋ ወደ ቀኟ፣ ወደ ግራዋ ስትገፋ ወደ ግራዋ። ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር የእሱ ግራ የእሷ ቀኝ ሆኗልና፣ ሲሄድ እምቢ ያላት ሲመለስ ታዘዛት።

«መጣ!» ግራ ጌታ ብድግ አሉ። «መጣ ልጄ!»

ነዳጁ አለቀና ሞተሩ ዝም አለ። አውሮፕላኑ ያለ ድምፅ ወርዶ፣ ቃርሚያውን እየቧጠጠ ከእግራቸው ሥር ቆመ። ዳስሰው አነሡት።

«አባባ፣ ይፋጃል!»

«ይፋጀኝ። ትኩስ ነው እኮ» አሉና እቅፍ አደረጉት።

መንበረ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሳቅም ልቅሶም መጣባት። «አባባ፣ ለካ ከፊት ሆነው ነው ቀኝ ግራ ያሉኝ። የሚባለው ከኋላ ቆሞ ነበር እኮ!»

«ከኋላ የሚቆመውማ ሸኚ ነው» አሉ። «ማሩን ከኋላ ቆሜ ሸኘሁት። ዛሬ ልቀበል ነው የመጣሁ።»

ዳኛው ፊቱን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዙሮ ቆየ። ከዚያ ሬዲዮውን ከመንበረ እጅ ተቀብሎ በኮቱ ሸፈነው። ግራ ጌታ ግን አውሮፕላኑን መንገዱን ሁሉ በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ቤት ከደረሱም በኋላ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከጭናቸው አላወረዱትም።