ወላሂ የጃፓን ነው

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ናስረዲን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የጃፓን ያልሆነ ዕቃ ሸጦ አያውቅም። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው። ቡሎን ሲሸጥ "ወላሂ የጃፓን ነው" ይላል፤ የመስታወት መወልወያ ጨርቅ ሲሸጥም እንዲሁ። የከተማው ሹፌር ጨዋ ነውና ራሱን ነቅንቆ፣ ዋጋ አስቀንሶ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ጃፓንኛ የተማረው። ጃፓንኛ ስል አንድ ፊደል ማለቴ ነው።

ጣጣውን ያመጣችበት ልጁ ሱምያ ናት። ጃፓን ሄዳ መማር ትፈልጋለች፤ ለቋንቋው መካከለኛ ደረጃ ፈተና ስትዘጋጅ ሱቅ ውስጥ ባዶ ካርቶን ላይ ፊደሎቻቸውን ትጽፋለች። አንድ ቀን 製 የሚለውን ስትደጋግም ናስረዲን አየና አንገቱን አሰገገ። ይህን ፊደል መደርደሪያው ላይ ያውቀዋል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ሴይ ይባላል፣ አባ። ከመሥራት ከማምረት ጋር የተያያዘ ነው። ሴይሂን የፋብሪካ ምርት፣ ሴይዞ ማምረት፣ ኒሆንሴይ ደግሞ ጃፓን የተሠራ።"

"በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሚ።"

"ብቻውን ግን አይሆንም እኮ፤ አገሩን የሚነግሩህ ከፊቱ ያሉት ሁለቱ ናቸው።"

"እሱ ለተማሪ ነው። ለነጋዴ አንድ ይበቃል" አላት።

ሳምንት ሙሉ አሥራ አራቱን ጭረት ሲቸከችክ ሰነበተ። የታችኛው ክፍል ልብስ ማለት ነው ብትለው፣ መለዋወጫ ላይ ልብስ ምን ይሠራል ብሎ ተከራከራት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ደንበኛ በገባ ቁጥር ካርቶን ያነሳል፣ ጣቱን ይተክላል፣ "ሴይ" ይላል። ጎረቤቱ ጥላዬ፣ ጎማ ሻጩ፣ የራሱን ዕቃ ሳይቀር እያመጣ አስመረመረው። ናስረዲንም ፊደሉ ያለበትን ሁሉ ጃፓን አደረገለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ማክሰኞ ዕለት ጠና መጣ። ጠና በሚኒባስ ሆሳዕናና ሙዱላ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ የፍሬን ሸራ ፈልጎ ነበር።

"ጋሽ ናስሩ፣ የዛሬውን እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ። ቁልቁለቱን ያውቁታል፤ የምጭነውም ሰው ነው።"

ናስረዲን ካርቶኑን ገልብጦ አየ። ፊደሉ አለ። "ወላሂ የጃፓን ነው" አለ። ጉድ የሚባለው ይሄኔ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አምኖበት የማለው ያን ቀን ብቻ ነበር። ጠናም ሸራውን ይዞ፣ ካርቶኑን ትቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሱምያ የምትጽፍበት ስትፈልግ ያንኑ ካርቶን አነሳች።

"አባ፣ ይኼ ቹጎኩሴይ ነው የሚለው።"

"ሴይ አለው አይደል?"

"አለው። ቻይና የተሠራ ነው የሚለው።"

ቻይና ምን አጠፋች፤ ደህና ዕቃም ትሠራለች። ይህኛው ግን ናስረዲን ከአንድ የማያውቀው ሰው በርካሽ ጠቅልሎ የገዛው ነው። ርካሽነቱን አይቶ ያኔውኑ ጠርጥሮ ነበር፤ ጥርጣሬውን ያስጣለው ያ የተረገመ ፊደል ነው። ለጠና ደወለ፤ አያነሳም። ካርቶኑንና ሱምያን ይዞ መናኸሪያ ሲደርስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሞተሩም ተነስቷል።

"ጠና፣ እንዳትሄድ። ሸራው የጃፓን አይደለም።"

ጠና ሳቀ። ከኋላው የተቀመጡትም አብረውት ሳቁ።

"ምነው ጋሼ፣ የተሻለ ገዢ መጣ እንዴ?"

"ወላሂ የጃፓን አይደለም።"

"ሃያ ዓመት የጃፓን ነው ሲሉኝ ኖረው ዛሬ አይደለም ካሉ፣ ይኼማ የምር የጃፓን ነው ማለት ነው" አለና ማርሽ አስገባ።

ናስረዲን ከመኪናው ፊት ሄዶ ቆመ። ሕፃን የታቀፈች ሴት በመስኮት ታየዋለች። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ማለ፣ ተገዘተ፣ ለመነ። የሃያ ዓመት መሐላው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ተሳፋሪ ማስወረድ አቃተው።

በመጨረሻ ጠና ወደ ልጅቷ ዞረ። "ሱሚ፣ አንቺ ትችያለሽ ይላሉ። ምን ይላል?"

ሱምያ ካርቶኑን በመስኮት አስገብታ ከፊደሉ በፊት ያሉትን ሁለቱን አሳየችው። "ቻይና የተሠራ ይላል። ጥሩ ይሁን መጥፎ አይናገርም። አባ ግን ከማን እንደገዛው አያውቅም።"

ጠና ሞተሩን አጠፋ። "ውረዱ" አለ ሰዎቹን፤ ሰዎቹም ወረዱ።

"ሸራውን አስፈትቼ እመጣለሁ" አላት። "የሚሆነኝን አንቺ ምረጪልኝ።"

ናስረዲን አጠገቧ ቆሞ የሚገባበት ጠፋው። ከጎን መኪናውን ያቆመ አንድ የሀደሮ መስመር ሹፌር ከመቀመጫው ሥር አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎትቶ አወጣና፣ በናስረዲን ትከሻ ላይ አሳልፎ ለሱምያ ዘረጋላት።

"ልጄ፣ እስቲ የኔንም እዪልኝ" አለ። "ካባትሽ ነው የገዛሁት።"