ሁለት ጾም በአንድ ሆድ

ጥላሁንን ያሳሳተው ሕንዳዊው ራሜሽ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት! ራሜሽ ምን በወጣው? ሰውየው የተናገረው እሱ ራሱ በየቀኑ የሚበላውንና የሚተወውን ነው። ሰምቶ ግማሹን ብቻ ይዞ የሄደው ጥላሁን ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። ጥላሁን በሱዳን በኩል አድርጎ ላስ ቬጋስ ከገባ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው መሪ ጨብጦ ነው። መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ የአንድ ሆቴል እንግዶችን የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። የሾፌር የጤና ካርዱን ለማሳደስ ክሊኒክ ቢሄድ ዶክተር ሐሌሉያ የደሙን ውጤት አየችና ፊቷ ተለወጠ። ሐሌሉያ እዚሁ የተወለደች፣ ክርስትና ስትነሳ ጥላሁን እስኪያልበው የጨፈረላት ልጅ ናት። አማርኛዋ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይላል፤ አንተና እርስዎ አይለይላትም።

«ጋሼ፣ ስኳርህ በጣም ሃይ ነው» አለችው። «የሦስት ወሩ አቨሬጅ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ከስምንት በታች ካልሆነ እኔ ካርዱን ሳይን አላደርግም። ኪኒን እሰጥሃለሁ፣ ከምግብ ጋር ትወስዳለህ። ሦስት ወር አለህ።»

ካልፈረመች መሪ የለም ማለት ነው። መሪ ከሌለ ደግሞ ጥላሁን ምንድን ነው? በስልሳ ሁለት ዓመቱ ካዚኖ ገብቶ ካርታ አያድል! ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ለማወቅም አልፈለገም። መንዳት ይወዳል። የከተማው መንገድ የመዳፉን ያህል ግልጽ ነው እያለ ይኮራል፤ ኩራቱም ልክ ነበር።

ጭንቀቱን መጀመሪያ የነገረው ለሚስቱ ለላቀች አይደለም፤ ለራሜሽ ነው። ራሜሽ አብሮት ቫን የሚነዳ የጉጃራት ሰው ነው። ሰባ ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ ሻንጣ ሲያነሳ ብታዩት ግን ጎረምሳ ነው ትላላችሁ። ስኳር የለበት፣ ግፊት የለበት፣ ወገቤን የለ፣ ጉልበቴን የለ።

«ኧረ ለመሆኑ ምን እየበላህ ነው?» አለው ጥላሁን ቅናቱን ሳይደብቅ።

ራሜሽ ሳይቸኩል ነገረው። ጠዋት ሲነሳ ሙቅ ውሃ ይጠጣል። ቁርስ አይዘልም። ዋናውን ምግብ የሚበላው እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ ምስር፣ እርድ የገባበት አትክልት፣ ስስ ቂጣ፣ ትንሽ ቅቤ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ አሬራ። ሲበላ ጥግብ አይልም፣ የሆዱን ሩብ ባዶ ይተዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እህል የሚባል አይቀምስም። አባቱም አያቱም እንዲሁ ነው የኖሩት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥላሁን ልብ ውስጥ የገባው የመጨረሻው ነው። ፀሐይ ከጠለቀች አለመብላት! ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል? በዚያ ላይ ለጾመኛ ሰው!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ጉዱም የፈላው ያኔ ነው። ጥላሁን ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይጾማል። ስደት ላይ እያለ እንኳን አልገደፈም፣ ይህንንም ለሰው ሁሉ ይናገራል። እንግዲህ አስቡት። የእኛው ሥርዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትብላ ይላል፤ የሕንዱ ፀሐይ ከጠለቀች አትብላ ይላል። ጥላሁን ከንጋት ጀምሮ ሠርቶ ቤቱ የሚገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው። አንዲት ሰሃን ሽሮ ይበላል፣ እሱንም ሩብ ሆዱን ባዶ ትቶ፣ በቃ። እስከ ነገ አሥር ሰዓት። የራሜሽ ቅቤና አሬራ የፍስክ ነው፣ አይነካም። ቁርሱ ቀረ፣ የእኩለ ቀኑ ምሳ ቀረ። ከሁለቱም ወገን «አትብላ» የሚለውን ብቻ ለቅሞ ያዘ።

ላቀች ግራ ገባት። «አንተ ሰውዬ፣ እራት የማትበላው ለምንድን ነው?»

«ለጤናዬ።»

«ጠዋትስ?»

«ለነፍሴ።»

«ኪኒኑንስ በምን ትውጠዋለህ?»

ኪኒኑ ከምግብ ጋር ነው የተባለው፤ ምግብ ደግሞ የለም። እንዳይተወው ቁጥሩን ፈራ። ስለዚህ ማለዳ በአንድ ጉንጭ ሙቅ ውሃ ይውጠዋል፤ ውሃዋ ጾሙን ትሽር አትሽር እሱም አልገባውም። «የንስሐ አባትህን ጠይቃቸው፣ ለታመመ ሰው እኮ ይፈቀዳል» ብትለው «እኔ ምን ሆንኩና!» ብሎ ጮኸባት። ወንድ አይደል፣ መታመሙን በምን አፉ ይናገር!

ለራሜሽ እንኳን ጾም ላይ መሆኑን ነግሮት ነበር። ራሜሽ ደስ አለው። «በጣም ጥሩ! ባለቤቴም በየሳምንቱ ሰኞ ትጾማለች» አለው። የራሜሽ ሚስት ስትጾም ሙዝ ትበላለች፣ ወተት ትጠጣለች፣ ድንች ትቀቅላለች። የአገራቸው ጾም እንደዚያ ነው። ጥላሁን ይህን በምን ያውቃል? ራሜሽስ የእኛን በምን ያውቃል? ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደየቫናቸው ሄዱ።

በጾሙ አጋማሽ ላይ ላብ ላብ ይለው ጀመር። እጁ ይንቀጠቀጣል። ላቀች የተናገረችውን ሁለቴ ካልደገመችለት አይሰማም። ጣቱን ወግቶ ሲለካ ግን ቁጥሩ ወርዷል! ጥላሁን ዞረበት። እየዳነ ነው ወይስ እየታመመ? ሰውነቱ አንድ ነገር ይለዋል፣ መለኪያው ሌላ። ካርዱን የሚያስፈርመው መለኪያው ስለሆነ መለኪያውን አመነ።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት የልጃቸውን ልጅ ይዘው ቫኑ ውስጥ ገቡ። ሕፃኗ ዓመት ቢሆናት ነው፤ በሕፃን ወንበር ታስራ እንቅልፏን ትለጥጣለች። የሚሄዱት ሮድስ ራንች የሚባል ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ነው። ለጥላሁን ይህ መንገድ መንገድ አይባልም፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ራሱ አጥርቶ አያውቀውም። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሰፊ መንገድ፣ ከዚያ ራቁቱን የቆመ ተራራ። ወዴት ነው የምሄደው አለ በልቡ። «ራንች» የሚል ቃል ምላሱ ላይ አለ፤ ራንች ምን እንደሆነ ግን ጠፋው። መሪው ላይ ሁለት እጆች አየ፤ የማን እንደሆኑ ሊገባው አልቻለም። አልፈራም እንኳን፤ ለመፍራት የሚሆን ሐሳብ አልነበረውም።

«ይቅርታ፣ ልጄ ቤት የሚኬደው ከከተማ ውጭ ባለው ግድብ በኩል ነው እንዴ?» አሉ አሮጊቷ ከኋላ።

ቀና ሲል ቦልደር ሲቲ የሚል ሰሌዳ አየ። ቦልደር ሲቲ! ሮድስ ራንች በከተማው በአንደኛው ዳር፣ ቦልደር ሲቲ ከከተማው ወጥቶ በሌላው በኩል! ይህን ሁሉ መንገድ ማን ነዳው? ትልቅ ጭነት መኪና ጡሩምባውን እያንባረቀ በጎኑ አለፈ፤ ለካ መስመሩን ለቆ ኖሯል። እንደምንም ዳር ይዞ ቆመ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

አሮጊቷ መልኩን አዩና ወዲያው የሕፃኗን ጡጦ ከቦርሳ አወጡ። የፖም ጭማቂ ነው። «ጠጣ! ባለቤቴ ስኳር ነበረበት፣ ይህን ፊት አውቀዋለሁ።»

ጥላሁን ሰዓቱን አየ። ገና ሰባት ተኩል ነው። ወይ ጥላሁን! ይህ ሁሉ ሆኖ ሰዓት ያያል! አሮጊቷ ግን ጡጦውን አፉ ላይ ደቀኑበት። ጠባው። ስልሳ ሁለት ዓመቱን ይዞ የሰው ሕፃን ጡጦ ጠባ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እጆቹ ተመልሰው የእሱ ሆኑ። ሕፃኗ ያን ሁሉ ጊዜ አልነቃችም።

ተመልሶ አደረሳቸው። አሮጊቷ ለማንም አልከሰሱትም፤ ሲወርዱ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ብላ እንጂ» ብለውት ገቡ። በማግስቱ ጥላሁን ቁርስ በላ፣ በየቀኑም በላ። ለላቀችም፣ ለራሜሽም፣ ለንስሐ አባቱም ትንፍሽ አላለም። መሪ በያዘ ቁጥር ግን የመንገዱን ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ማንበብ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ አንብቦም አያምነውም።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ክሊኒክ ሄደ። ሐሌሉያ ወረቀቱን ይዛ እየሳቀች ገባች።

«ጋሼ! ስድስት ነጥብ ሰባት! ምን አደረግህ? ንገረኝ፣ ለፔሸንቶቼ እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲህ… የሕንድ አበላል ነው» አለ ጥላሁን።

«ዋው! አሪፍ ነው፣ ቀጥልበት» ብላ ካርዱን አወጣች።

ጥላሁን ግን የሕንድ አበላል መቼ በላ? የራሜሽ ምክር ነው ያዳነው? ጾሙ ነው? ኪኒኑ ነው? ወይስ ረሃብ ብቻ? ማንን አመስግኖ ማንን እንደሚረግም አላወቀም። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ነክቷል። ዝም ቢል ካርዱ የእሱ ነው። አሮጊቷን ዳግመኛ አያያቸውም፣ ላቀች አታውቅም፣ ማንም አያውቅም። ዝም ማለት ምን ይከብዳል?

«ቆይ ልጄ» አላት። እንዴት ካፉ እንደወጣ እንጃ።

ነገራት። ሁለቱን ጾም፣ በባዶ ሆድ የዋጠውን ኪኒን፣ ቦልደር ሲቲን። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ ብላ ነበር።

«መንገዱን ምንም አላስታውሰውም» አላት።

«ብቻህን ነበርክ?»

«አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሕፃንም ነበረች። ተኝታ ነበር።»

ሐሌሉያ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ ዛሬ ሳይን ማድረግ አልችልም። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ስኳርህን በጣም ሎው አድርጎታል፤ እንቀይረዋለን፣ ከዚያ እናያለን። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም።»

«አትፈርሚ» አላት። ብትፈርምም ከእንግዲህ ሰው ጭኖ መሪ ለመያዝ አይደፍርም ነበር።

ላቀች የመኪናው ቀኝ ወንበር ላይ ሆና ትጠብቀዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ እሱ እያለ መሪ ነክታ አታውቅም። በእሷ በኩል መጥቶ በሩን ከፈተላትና ቁልፉን ዘረጋ።

«ወደዚያ እለፊ» አላት። «አንቺ ንጂ።»