የሸራ ጭራ

ልብስ ሰፊዋ ከሐይቁ ውስጥ ብቅ ስትል መጀመሪያ የሰማችው የብርጭቆ መሰበር ነበር። ከሆቴሉ በረንዳ ላይ አንዱ ደንግጦ ከእጁ ጥሎት ነው። ወዲያው ጩኸቱ ቀለጠ። እሷም እንደተነገራት ረጅሙን ሰው ሠራሽ ፀጉር ወደ ኋላ በተነችና፣ ከድንኳን ሸራ የሰፋችውን፣ ቅርፊት የተሣለበትን የዓሣ ጭራ አንዴ ከፍ አድርጋ ውሃውን በጥፊ መትታ ጠለቀች። ሸምበቆው መሃል ስትወጣ ሳቋ አልቆም ብሏት ነበር።

የልጅነት ጎረቤቷ የሆነው ባለሆቴል ፎጣ ይዞ እየጠበቃት ነው። የቀጠራት ጭራውን እንድትሰፋ ብቻ ነበር። ትለብሰዋለች የተባለችው ተዋናይት ግን ውሃው ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ሐሳቧን ቀይራ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ዳዴ ሳትል ዋና የለመደች። “እኔ ልሞክረው” ያለችው ራሷ ናት።

በማግስቱ ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ፤ ኦና ሆኖ የከረመው ሆቴል አልጋ ጠፋበት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሁሉ የሐይቋን ሴት በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ ብሎ ይምላል፤ ያላየው ካየው ይብሳል። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ትውጣለች።

ቤቷ ስትደርስ ግን ሳቋ ጠፋ። አባቷን ደጃፍ ላይ ሰው ከቧቸዋል። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው መረብ ሲጎትቱ ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ፍጡር አየሁ ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስማቸው “አባ ጉድ” ሆኖ ቀረ። መንገድ ላይ “የውሃዋ ሚስትዎ ደህና ናት?” የማይላቸው አልነበረም። ልጃቸው በዚህ ስም የተነሳ ከስንቱ ጋር ተቧቅሳለች። ካደገች በኋላ ግን እሷም ማመኑን ትታ፣ ወሬው ሲነሳ ርዕስ መቀየር ለመደች። አሁን እነዚያው ቀላጆች ወንበር ይዘው መጥተው ይሰሟቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር ይቅርታ ጠየቃቸው። የሽማግሌው ፊት በርቷል።

ሮጣ ባለሆቴሉ ዘንድ ሄደች። እሱ እግሩ መሬት አልነካም፤ ለነገ እሑድ የቴሌቪዥን ሰዎች ሊመጡ ነው።

“መጀመሪያ አባትሽ ያዩትን ይመሰክራሉ” አላት። “ሰው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ አንቺ ብቅ ትዪና ጭራሽን ታወልቂያለሽ። እኔ አዲሱን መዋኛ ገንዳ አስተዋውቃለሁ። ሰዉ በሳቅ ይሞታል።”

“የሚስቀው በማን ላይ ነው?”

“በማንም አይደለም። ማስታወቂያ እኮ ነው።”

“አባቴን ከዚህ ነገር አውጣልኝ።”

“ያለ እሳቸው ምን ለዛ አለው?”

ልትነግራቸው ቆርጣ ተመለሰች። አባቷ ኮታቸውን እየተኮሱ ያንጎራጉራሉ።

“አባባ፣ ነገ ቢቀሩስ?”

“ሲስቁብኝ ያልቀረሁ ሲያምኑኝ ልቅር?” አሉ ቀና ሳይሉ።

እሑድ ዳርቻው በሰው ተጨናነቀ። እሷ ጭራዋን ለብሳ ሸምበቆው ውስጥ ሆና ታያለች። ባለሆቴሉ አባቷን ከፊት ወንበር አስነስቶ ማይክሮፎኑን ሰጣቸው። ምስክርነታቸው እስኪያልቅ መቆየት ነበረባት። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ አየር ሳበችና ጠለቀች።

አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ፊታቸው ብቅ አለች። በእጇ እየዳኸች አሸዋው ላይ ወጣችና ዚፑን ከፍታ ጭራውን ከእግሯ ላይ አሽቀነጠረችው።

“የዓርቧም እኔ ነበርኩ” አለች እያለከለከች። “አባቴ የሚያውቁት ነገር የለም።”

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። ባለሆቴሉ ፊቱ አንዴ ጠቁሮ ተመለሰና ስለ ገንዳው መጮህ ጀመረ። እሷ አባቷን ቀና ብላ ማየት አልደፈረችም። የተተኮሰው ኮት ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት።

“አንቺ ነሽ እንዴ?” አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። “እኔ ደግሞ ይቺ ቅርፊት ከየት አመጣች ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። የእኔዋ ገላዋ ልሙጥ ነው።”

ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን ከሽማግሌው እጅ ወስዳ ወደ እሷ ዘረጋች። “ስለዚህ የሐይቋ ሴት ድሮውንም ውሸት ነበረች ማለት ነው?”

ባለሆቴሉ ከኋላ ሆኖ ገንዳውን ጥሪ ብሎ በእጁ ይጠቁማታል። “አዎ” ብትል ሁሉም በሳቅ ያልቅ ነበር። አባቷን አየቻቸው። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከፀጉሯ የሚወርደውን ውሃ በመሐረባቸው ያደርቁላታል።

ማይክሮፎኑን ተቀበለችና መልሳ እጃቸው ላይ አደረገችው።

“የእኔዋን አይታችኋል” አለች። “የእሳቸዋን ደግሞ ከራሳቸው ስሙ።”

ከዚያ ኮቱን ሰብስባ፣ እሷም ልትሰማ እግራቸው ሥር አሸዋው ላይ ተቀመጠች።