በካርዱ ላይ የሌለ ስም

ቀጭኗ የሽመና ሠራተኛ ከደረጃ ዕድገት ኮሚቴው ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ግማሽ ሰዓት አልፏታል፤ እስካሁን አንገቷን ወደ ቀኝ አላዞረችም። በቀኟ ጋሼ ተቀምጠዋል። ጋሼ የሽመናው ክፍል አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ማሽን ሲቆም የሚጠሩት እሳቸው፣ ማሽኑ ሲነሣ የጥገና ካርዱ ላይ የሚፈርሙትም እሳቸው። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። ዛሬ ምናልባት ሰባት ደቂቃም ላይቀራቸው ይችላል፤ ጥፋቱ ደግሞ የእሷ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሥልጠናው ነው። ከሁለት ወር በፊት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሴቶቹን በሙሉ አዳራሽ ሰብስባ፣ ፋብሪካው ስላወጣው አዲስ የሴቶች እኩልነት ደንብ ሦስት ቀን ሙሉ አስተማረች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ልቧም ንጹሕ ነው፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ከእንግዲህ ሴት የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ብቻ አትኖርም፣ መካኒክም ትሆናለች አለች። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ከዚያ አንቀጹን አነበበች። ለመካኒክነት የሚወዳደር ወይም የምትወዳደር ሠራተኛ የሦስት ዓመት የጥገና ልምድ በካርድ ማረጋገጥ አለበት ወይም አለባት። «አለባት» የምትለዋን ቃል ለማስገባት ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተሟግታለች። ሴቶቹ ግን ዓይን ለዓይን ተያዩ። ካርዱ ላይ የሚፈርመው መካኒክ ነው፤ መካኒክ ደግሞ እስከዛሬ ወንድ ብቻ ነው። ደንቡ ግቡ ብሎ በሩን አሳይቷቸው ቁልፉን ወንዶቹ ኪስ ውስጥ ረስቶታል። ደንብ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን እንኳ ማሽን ሥር ቢያጎነብስ ምን ነበረበት?

ማሽን ሥር የምታጎነብሰውማ ቀጭኗ ነበረች። ያውም አራት ዓመት ሙሉ። የክፍሉ ሴቶች ይህን ያውቃሉ፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም። ሽማግሌው ሥራ ጠልተው ነው ይላሉ። «የእኛ ጌታ፣ ለፊርማ ብቻ ነው የሚመጡት» እያሉ ይስቃሉ። ቀጭኗም አብራ ትስቃለች፤ ብትስቅ ይሻላል። እውነቱ ሌላ ነው። ጋሼ አያዩም።

መጀመሪያ የተበጠሰ ክር በዓይናቸው ትተው በጣታቸው መፈለግ ጀመሩ። ቀጥሎ መፍቻውን ብሎኑ ላይ ያሳረፉ መስሏቸው አየር ላይ ሲያዞሩ አየቻቸው። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ማንም ልብ አላለም። መፍቻውን ከእጃቸው ተቀበለችና ብሎኑን ራሷ ፈታችው። ጋሼ አባቷ ከሞተ በኋላ እጇን ይዘው ይህ ፋብሪካ ያስገቧት ሰው ናቸው፤ አንጀቷን በሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው አጠገቧ ቆመው በጆሯቸው ያዳምጣሉ፣ በየት በኩል እንደሚንኳኳ ይነግሯታል፣ እሷ ትሠራለች። ሲያልቅ ጣታቸውን ካርዱ ላይ ታሳርፍላቸዋለች፤ ይፈርማሉ። አንድም ቀን አላይም ብለዋት አያውቁም። እሷም ጠይቃቸው አታውቅም። ለባሏ እንኳ አልተነፈሰችም።

ማመልከቻውን የጻፈችው በንዴት ነው። አዲስ የተቀጠረ መካኒክ መጥቶ የማሽኑ ፍሬን የት እንዳለ እሷን ጠየቀ፤ አሳየችው፤ የሚላላውንና የሚጠብቀውንም ነገረችው። ሠርቶ ሲጨርስ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ለሴት ይከብዳል» አላት። ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ወረቀት ለመነችና ጻፈች። ካርዱ ላይ ስሜ ባይኖርም ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ አለች። ጋሼን ለምስክርነት ይጠሯቸዋል ብላ በፍጹም አላሰበችም። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ አውቶቡስ ነጂው ባሏ ጫማውን እያሰረ፣ «ሂጂና ያለውን ተናገሪ እንጂ፣ አፍሽን ማን ሰፋው?» አላት። ነገሩን ከሥሩ ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አይቀለውም ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ ጋሼ።

ትሪ የሚያክል ሰዓት ፊት ለፊታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀጭኗ ደንግጣ በሩ አጠገብ ወደምትጽፈው ጸሐፊ ተመለከተች። ጸሐፊዋ መጻፏን አላቋረጠችም።

«አራት ከሩብ» አለች በሹክሹክታ። «ጋሼ፣ ማመልከቻዬን ልተወው?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

በሩ ተከፈተና ሁለቱንም ጠሯቸው። ቀጭኗ ግማሽ እርምጃ ቀደመች፤ ጋሼ ኮቴዋን እንዲሰሙ ጫማዋን ወለሉ ላይ እየጎተተች ገባች። ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ መካከል ተቀምጣለች። በግራዋ የፈረቃው ኃላፊ አለ፤ ሴት መካኒክ ሲባል ጥርሱን የሚያመው ሰው ነው። በቀኟ ያለው የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ሲሆን ሥራው ራሱን መነቅነቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ የአራት ዓመት ካርድ ተከምሯል።

የፈረቃው ኃላፊ አንዱን ካርድ ወደ ጋሼ ገፋ አደረገው። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ ጋሼ። «ሥራው ግን የእሷ ነው።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «እንደ ልጅዎ እንደሚያዩዋት እናውቃለን። ሊጠቅሟት ፈልገው ነው እንጂ፣ እሷ ስትሠራ እርስዎ ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወደ ቀጭኗ ዞረች። «አንቺ ንገሪን። ለምንድን ነው አንቺ የምትሠሪው የነበረው?»

ሰንፈው ነው ብትል ሽማግሌው ተዋርደው ሊባረሩ ነው። አያዩም ብትል ዓይን የሌለው ሰው ማሽን ሲያስነሣ ኖረ ተብሎ ዛሬውኑ ከፋብሪካው ሊወጡ ነው። እሷ ራሷስ አውቃ ደብቃ የለ? ሳታስበው አንድ ቃል ከአፏ አመለጣት።

«ያስተምሩኝ ነበር» አለች።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ትከሻዋ ወረደ። በሐዘን ደንቡን ገለጠች። «ልምምድ እንደ ሥራ ልምድ አይቆጠርም» አለች። የፈረቃው ኃላፊ እስክሪብቶውን ከደነ። የማኅበሩ ተወካይ ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ አለቀ። ቀጭኗ አንድ ትንፋሽ ያህል እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ቦታው እንዳመለጣት ገባት።

«ውሸቷን ነው» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ተዉ እባክዎ።»

«ቅድም ካርድ ወደ እኔ ተገፍቷል» አሉ፣ ፊታቸውን ከጠረጴዛው ይልቅ ወደ መስኮቱ አድርገው። «ካርድ መሆኑን ያወቅሁት ሲንሸራተት ሰምቼ ነው። ፊርማዬ ይኑርበት አይኑርበት አላየሁም። አራት ዓመት ሆነኝ። እኔ አዳምጣለሁ፣ የምትሠራው እሷ ናት። ሌላውን መካኒክ የሚያቅተውንም ትሠራለች።»

የፈረቃው ኃላፊ እጁን ቀስ ብሎ አነሣና በጋሼ ፊት ወዲያ ወዲህ አደረገው። የጋሼ ዓይን አልተከተለውም። ኃላፊው እጁን ቶሎ ሰበሰበ፤ አፈረ።

«እውነት ነው?» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቀጭኗን።

«አዎ» አለች ቀጭኗ። «አያዩም።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ እሳቸው አጠገቧ ቆመው።

ኃላፊዋ ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። «ይህን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ካርዱ ላይ ማን እንደሚፈርም አውቅ ነበር። ማን እንደሚሠራ ሄጄ አልጠየቅሁም።» ከዚያ ውሳኔውን ተናገረች። ቀጭኗ ስምንት ሰዓት ላይ በቆመ ማሽን ላይ ብቻዋን ትፈተናለች፤ ካለፈች ቦታው የእሷ ነው። የጋሼ ጉዳይ ወደ ሐኪምና ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል፤ ስለሱ ምንም ቃል ልትሰጥ አትችልም። የፈረቃው ኃላፊ አልተቃወመም።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጡ ቀጭኗ አላስቻላትም። «ሰባት ወር ነበር እኮ የቀረዎት» አለች፣ እያለቀሰች። «ላድንዎት ነበር።»

«ማን አድኚኝ አለሽ?» አሉ ጋሼ። የተቆጡ ይመስላሉ። «በየቀኑ የፋብሪካው በር ላይ ስደርስ ዛሬ ይነቃብኛል እላለሁ። ደግሞ ዛሬ እሷ ትናገርና እገላገላለሁ እላለሁ። አንቺ ግን ዝም። እኔም ያንቺን ሥራ በስሜ እየፈረምኩ ዝም። ሌባ አድርገሽኝ ኖርሽ፣ ልጄ።»

ቀጭኗ አራት ዓመት ሙሉ ደግ የሠራች መስሏት ነበር፤ እሳቸው ምን እንደሚፈልጉ አንድ ቀን አልጠየቀቻቸውም። እሷ ራሷ ምን እንደምትፈልግም ቢሆን የተናገረችው ያ አዲስ መካኒክ ትከሻዋን ከመታት በኋላ ነው።

«ፈተናውን ፈራሽ?»

«በጣም።»

«እኔም እፈራለሁ። ከነገ ጀምሮ የት እንደምውል አላውቅም» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ጸሐፊዋ ቀና ብላለች፤ ከሽመናው ክፍል የመጡ ሴቶችም ደረጃው አፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቀጭኗ ክንዳቸውን ያዘች። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ሁሉም እየሰማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እርከኑን ቆጠረችላቸው።