የኖራው መስቀል እግር

«ማነው የጠረገው? ማነው ይሄን ቤት የጠረገው!»

ዶኛ ፊሎ ናቸው በሩ ላይ ቆመው የሚጮኹት። የለቅሶውን ጸሎት የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው እንኳን ሳሎኑን ሰፈሩን ይሞላል። ራዲና መጥረጊያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የአከራይዋ የዶኛ ኦቲሊያ ሬሳ አርፎበት በነበረው ወለል ላይ በነጭ ኖራ የተሠራ መስቀል አለ። ራሱም ክንዶቹም ደህና ናቸው። እግሩ ግን የለም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማታ ሰው ስለሚመጣ፣ ልርዳ ብዬ... መጥረጊያው ጫፉን ነካው፤ ላስተካክል ስል ባሰ።»

«ወይ ጉድ! ሳይነሳ ይጠረጋል እንዴ? ነፍሷ ገና እዚሁ ናት እኮ! በመጥረጊያ ልታስወጫት ነው?»

እኛ ሰፈር ይሄን የማያውቅ የለም። ሟች ተቀብሮም መስቀሉ ወለሉ ላይ ይቆያል፤ ዘጠኝ ምሽት ይጸለያል። በመጨረሻው ምሽት የተመረጡ ሰዎች ራሱን፣ ክንዶቹን፣ እግሩን በየተራ ያነሱና ኖራው በትንሽ ሣጥን ተደርጎ መቃብር ይወርዳል። እስከዚያ መጥረጊያ የሚባል ነገር አይነሳም። ግን ማን ነገራት? ከቡልጋሪያ ተነስታ እኛ ዘንድ ዋሃካ ድረስ ስፓኒሽ ልትማር የመጣች ልጅ በየት በኩል ትወቀው?

የሟቿ ልጅ ሬሜዲዮስ ከማድቤት ወጣች። ለቀብር ከዋና ከተማው ከመጣች ጀምሮ ቁጭ ስትል ያያት የለም። ወለሉን አየች፤ ከዚያ ራዲናን አየች።

«ክፍሉን ልቀቂ፣ ጓደኞችሽ ጋ ሂጂ አላልኩሽም? በቃ፣ ዛሬውኑ ውጪልኝ።»

ጓደኞቿ ጋ! የትኞቹ ጓደኞቿ?

«መስቀሉ እስኪነሳ ብቻ ልቆይ» አለች ራዲና። «ዶኛ ኦቲሊያን ልሸኛቸው። ከዚያ እሄዳለሁ።»

«መጀመሪያ ኖራውን የት ደፋሽው?» አሉ ዶኛ ፊሎ።

«ከረጢት ውስጥ... በር ላይ።»

ይሄኔ ከውጭ የቆሻሻው መኪና ደወል ተሰማ። ራዲና መጥረጊያውን ወርውራ በነጠላ ጫማ ሮጠች። በሩ ላይ የነበረው ከረጢት የለም። መኪናው ማዕዘኑን ሊታጠፍ ነው። «ቁሙ! ስለ እግዜር ቁሙ!» እያለች ተከተለችው፤ አንዱ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሻል እመቤቴ፣ ወርቅ ነው የጣልሽው?» አለ ከመኪናው ኋላ የተንጠለጠለው ሠራተኛ።

«ከዚያ ይበልጣል!»

ሰውየው ሳቀ፤ ግን አስቆመላት። የፓፓያ ልጣጩን፣ የእንቁላል ቅርፊቱን እየገለበጠች ከረጢቷን አወጣች። ቀብር ላይ ሁሉም ሲያለቅስ ዓይኗ ደርቆ ነበር፤ ያኔ እምቢ ያለው እንባ አሁን መንገድ መሃል፣ ቆሻሻ እንዳቀፈች መጣባት። ጎረቤቱ በየመስኮቱ ያያታል። ይያት!

ከትምህርት ቤት ያፈራቻቸው ጓደኞች ጥቂት ሳምንት ተምረው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ወደየአገራቸው ተበትነዋል። እሷ ግን ቀረች። ጠዋት ትማራለች፤ ከሰዓት ክፍሏን ዘግታ ግሥ ስታረባ ትውላለች። ስሟን የሚጠራት ሰው ሳይኖር የሚመሽበት ቀን ነበር። አንድ ቀን አከራይዋ ዶኛ ኦቲሊያ በሯን በምርኩዛቸው ደበደቡ።

«ነይ ውጪ! ለኪራዩ ብዬ መሰለሽ ያስገባሁሽ? ቁጭ በይና ዛሬ መንገድ ላይ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«እሳሳታለሁ።»

«ተሳሳቺ። እኔ ምን የሚያስቸኩል ነገር አለኝ?»

ቲማቲም ተወዷል አለች። «ከዚያስ?» አሏት። ሥጋ ሻጩ ከሚስቱ ተጣልቶ ሱቁ ውስጥ አደረ አለች። ዶኛ ኦቲሊያ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «ከዚያስ?» ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከግቢው በር አልፈው አያውቁም። እንደዚያ እየተባለ በየምሽቱ ሆነ፤ ራዲና መንገዱን ለሁለት ሰው ማየት ለመደች።

ከረጢቷን ይዛ ስትመለስ ዶኛ ፊሎ ወንፊት አዘጋጅተው ጠበቋት። ኖራውን ከአቧራው ጋር ነፍተው በንጹሕ ጨርቅ ቋጠሩትና ወደ ሬሜዲዮስ ዞሩ።

«ስሚ። የመስቀሉን እግር ያነሳች የእግሩ ክርስትና እናት ናት። ይቺ ልጅ ደግሞ ቀድማ አንስታዋለች። ስለዚህ አበልጅሽ ናት። አበልጅ ከቤት ይባረራል?»

«ዶኛ ፊሎ፣ ይሄን አሁን ነው የፈጠሩት።»

«ብፈጥረውስ? ጸሎቱን አንቺ ነሽ የምትመሪው?»

ሬሜዲዮስ ተመልሳ ማድቤት ገባች። ራዲና ቆየች። መቆየት ከተባለ ነው እንግዲህ! ማታ ማታ ሰው እየመጣ ይጸልያል፣ ትኩስ ቸኮላት በዳቦ ይቀርባል፣ ጥግ ጥጉን ይንሾካሾካል። «ኖራውን የጠረገችው እሷ ናት» ሲሉ ትሰማለች። ሬሜዲዮስ ደግሞ በአጠገቧ ስታልፍ እንደ ግድግዳ ነው የምታያት።

አንድ ማታ እንግዶቹ ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ስኒ አጠቡ።

«እናቴ ላንቺ ምን ነበር የምታወራሽ?» አለች ሬሜዲዮስ ሳታያት። «እኔ እሁድ ስደውል ሁሌ ደህና ናት። ገበያ ወጣሁ፣ ቲማቲም ተወዷል፣ የሥጋ ሻጩ ቢጫ ውሻ ወለደች...»

የራዲና እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«ቡችሎቹን ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እሳቸው አልወጡም። ማታ ማታ እኔ ነኝ የምነግራቸው። ከዳሌያቸው በኋላ መቼ ይወጡና?»

«የምን ዳሌ?»

ራዲና መለሰችላት፤ መውደቃቸውን፣ መሰበራቸውን፣ ሁለት እርምጃ በሄዱ ቁጥር ግድግዳ መያዛቸውን። ሬሜዲዮስ ስኒውን አስቀመጠችና ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ምርኩዙን ሳየው እርጅና መስሎኝ... እኔኮ ትንቀሳቀሳለች ብዬ ነው ያልመጣሁት። በገዛ እግሯ ገበያ የምትወጣ ሴት ምን ትሆናለች ብዬ!» ፊቷን በማድረቂያው ጨርቅ ሸፈነችው። «ያንቺን ወሬ ነዋ ስሰማ የኖርኩት።»

ራዲና ስኒዎቹን አጥባ ጨረሰች።

በመጨረሻው ምሽት ዶኛ ፊሎ እየዘመሩ አንሺዎቹን ጠሩ። ራሱ ተነሳ፤ ቀኝ ክንዱ፣ ግራ ክንዱ ተነሳ። «እግሩ!» ሲሉ ራዲና ተንበረከከች። ቋጠሮዋን ፈትታ ኖራውን ሣጥኑ ውስጥ ጨመረች። ማንም አልተንሾካሾከም።

በማግስቱ ሣጥኑ መቃብር ወርዶ ኖራው ተደፋ፤ አበባው ተደረደረ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ አመራ። ራዲና ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሻንጣዋ ቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ ከዚህ በኋላ ማታ የምትነግረው ሰው የላትም። አፈሩ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ዶኛ ኦቲሊያ» አለች በቀስታ። «ቲማቲሙ ረክሷል። ሥጋ ሻጩ ከሚስቱ ታርቋል፤ ዛሬ አብረው መጥተው ነበር። ቢጫዋ ውሻም ሣጥኑን ተከትላ...»

መጨረስ አቃታት። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ልትጠራት የተመለሰችው ሬሜዲዮስ ነበረች፤ ምን ያህል እንደቆመች እንጃ።

ሬሜዲዮስ ባዶውን ሣጥን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

«ከዚያስ?» አለቻት።