ባንኩን የጠየቅነው ይቅርታ

የዚያን ዕለት ጠዋት ጉሙ ከፕላት ወንዝ ተነስቶ መንገዱንም አጥሩንም የጎረቤቶቻችንን ጎተራም ውጦት ነበር። ፒክአፑን የምነዳው እኔ ነኝ። መሀላችን እህቴ ሉዌላ ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ በኩል ባሏ ኦርቪል። በየዓመቱ ወንዙ ላይ የሚያርፉት ሽመላዎች ከላያችን ይንጫጫሉ፣ አንዱም ግን አይታይም። በእኛ ነብራስካ መጋቢት ሲገባ ሰማዩ ድምፅ ብቻ የሚሆንበት ጠዋት አለ።

«ቨርና፣ ወዴት ነው የምትወስጂን?» አለች ሉዌላ።

«ፖስታ ቤት።»

«እናታችን ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አልኳት። እናታችን ከሞተች ዘመን ሆኗታል። ሉዌላ ግን አንዳንድ ቀን ታገኛታለች፤ እኔም እቀናባታለሁ እንጂ አልከለክላትም። ሌላ ቀን ደግሞ ከሁላችን በላይ ነቅታ አነዳዴ ላይ ስታፌዝ ትውላለች። የቱ ቀን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

የእርሻቸውን ሂሳብ ዕድሜ ልኳን የያዘችው እሷ ናት። ዘር ሻጩም የጋዝ ነጋዴውም «ሉዌላ ካለች አለቀ» ይሉ ነበር። ከዚያ ከባንኩ የቅጣት ወረቀት ይጎርፍ ጀመር፤ ቼክ ጽፈሻል፣ ገንዘብ የለሽም። ያኔ ገና ጤነኛ ነበረች። ደጋግማ ደመረች፣ አልገባትም፤ በመጨረሻ የቼክ ደብተሩን ኦርቪል ጭን ላይ ጣል አድርጋ «ጭንቅላቴ ሄደ» አለችው። መርሳቱ የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ኀፍረቱ ግን ቀድሞ ገብቶ ቤቱን ተረክቦ ነበር።

ለካ ጥፋቱ የባንኩ ኖሯል! በአንድ ቀን ከገቡት ቼኮች ትልቁን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሂሳቡ ይራቆታል፤ ትንንሾቹ ተራ በተራ ይመለሳሉ፣ እያንዳንዱም ቅጣት ይወልዳል። ሰዎች ተሰብስበው ከሰሱት፤ ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ የተጎዳ ሁሉ ቅጽ ሞልቶ ካሳ ይጠይቅ ተባለ። ማስታወቂያው ለኦርቪልም በፖስታ ደርሶታል። ታዲያ የኛ አገር ገበሬ «ገንዘብ ሊደርስዎት ይችላል» የሚል ወረቀት ሲያይ ምን ያደርጋል? ጓሮ ወዳለው የቆሻሻ ማቃጠያ በርሜል ይወስደዋል። እኔ ዕንቁላል ልወስድ ሄጄ ባልደርስበት ኖሮ አመድ ነበር።

ቅጹ የሚላክበት የመጨረሻው ቀን ያ ቀን ነበር። ደጅ ያለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ብናስቀምጠው የቀኑ ማኅተም የሚመታው ሩቅ ከተማ ደርሶ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ፖስታ ቤት ሄደን ዓይናችን እያየ ማስመታት ነበረብን። ገንዘቡ ለአሮጌ ጎማ እንኳ አይበቃም። እኔ የፈለግሁት ሉዌላ ውስጧ የሚሰማ ሰው ሳይጠፋ «አልተሳሳትሽም» እንድትባል ነው። ኦርቪልም ይህንኑ ፈልጎ ነበር፤ አፍ አውጥቶ ባይናገርም አውቃለሁ።

ደረስን፤ በሩ ገና አልተከፈተም። ሞተሩን ሳላጠፋ ቅጹን መሪው ላይ ዘርግቼ ጥያቄዎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ስም፣ አድራሻ፣ የሂሳብ ቁጥር። ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት ከዓለም የተረፍነው እኛ ሦስታችን ብቻ እንመስል ነበር።

«ስለ ቅጣቱ ለባንኩ አቤት ብለው ያውቃሉ? ምን አሉ?» ይላል ቅጹ።

ኦርቪል ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዞራል።

«ዝለይው» አለኝ።

«አይዘለልም። ከታች በመሐላ ነው የሚፈረመው።»

«እንግዲያስ ሄጃለሁ በይ።»

«ሄደህ ምን አልካቸው?»

«ቨርና፣ ተይኝ እባክሽ።»

«አልተውህም! ሰው ባይሆን አንድ ቀን ይቆጣል። ጮህክባቸው?»

«ይቅርታ ጠየቅኋቸው» አለ። «ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁና ሚስቴ እንደ ድሮዋ አይደለችም፣ እንግዲህ ቼኩን እኔ እጽፋለሁ፣ ላስቸገርናችሁ ይቅርታ አልኩት። አንድ ጆንያ የበቆሎ እሸት ወስጄለት ነበር።»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። ክፋቱ፣ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። አስቸግረናል ብለን ካሰብን ባዶ እጃችንን አንሄድም።

«እሸቱ ከኔ ጓሮ ነው?» አለ አንድ ድምፅ።

ሁለታችንም ዞርን። ሉዌላ ናት። ዓይኗ ጥርት ብሏል፤ ያቺ ዘር ሻጩን የምታስፈራው ሉዌላ።

«ከጓሮሽ ነው» አላት ኦርቪል።

«ለሚዘርፈኝ ሰው የገዛ እሸቴን!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። «እኔ እኮ አልተሳሳትኩም ነበር።»

«አልተሳሳትሽም።»

«አንተ ግን አመንካቸው።»

«አመንኳቸው» አለ። ሽማግሌው ፊት ለፊቴ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

«ጻፊው፣ ቨርና» አለችኝ። «እሸቱንም ጻፊ።»

ጻፍኩት። ፈረመች። በሩ ሲከፈት ገባን፤ የፖስታ ቤቷ ጆሊን ማኅተሙን ዱም አድርጋ መታችው፤ ቀኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ስንመለስ ጉሙ እየሳሳ ነበር፤ ሽመላዎቹ በተቆረጠው በቆሎ መሀል ግራጫ ሆነው ይታዩ ጀመር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሉዌላ የኦርቪልን እጅጌ ያዘች።

«ኦርቪል፣ ባንክ ሂድልኝ» አለችው በሹክሹክታ። «ቼኩን አበላሽቼዋለሁ። ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

ፒክአፑን ድልድዩ መሀል ላይ አቆምኩት። ኦርቪል እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ ምንም እንዳላወራን፣ ከመጀመሪያው ጀመረላት።

«ሉዌላ፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ለምኑ?» አለችው።