የበኃይሉ ባና

ጥር 13 ቀን 1989 ዓ.ም. ከሞላሌ ወረድ ብሎ ባለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ከጥዱ ዛፍ ሥር አራት ሰዎች ተገኙ፤ ሽማግሌው አቶ ገብረ አማኑኤል፣ የንስሐ አባት ቄስ ዳኜ፣ ባሏ የተገደለባት ወሰንየለሽ እና የሟች ወንድም ታሪኩ። ገዳዩ ወንዳፈራሁ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከበር ውጭ ቆሟል።

ወንዳፈራሁና ሟቹ በኃይሉ ድንበርተኞች ነበሩ። በ1983ቱ ጦርነት አንዱ ከመንግሥት ሚሊሻ፣ ሌላው ከአማፂዎቹ ጋር ሆነው ገደል አፋፍ ላይ ተገናኙ። ጦርነቱ አለቀ፤ ደሙ ግን አልደረቀም። ወንዳፈራሁ ስድስት ዓመት ከነልጆቹ መርሐቤቴ ወርዶ በቀን ሥራ ሲኖር መሬቱ ጦም አደረ። የሟች ሚስትና ወንድም ሁለቱም ይቅር ካላሉት አገሩ መግባት አይችልም።

የሽምግልናው ደንብ በዕርቅ ቀን አገዳደሉ እንዳይነሣ ያዛል፤ ቁስል ይቀሰቅሳልና።

ወንዳፈራሁ ገብቶ ተንበረከከ። “ይቅር ለእግዚአብሔር።”

“ቆላው ተስማምቶሃል፤ ወፈርህ” አለው ታሪኩ።

“ልትታረቅ ነው ልትወጋ የመጣኸው?” አሉ አቶ ገብረ አማኑኤል።

ታሪኩ እያጉረመረመ ይቅር አለ። ተራው የወሰንየለሽ ሆነ።

“ልጄ፣ ድንጋዩ ከብዶታል” አሉ ቄስ ዳኜ።

“የኔም ከብዶኛል፣ አባ። ለምን ገደልኸው አልለውም። የት ነው ያለው? ሬሳው አልመጣልኝም። ተዝካሩን ያወጣሁት በባዶ ነው።”

“ደንቡ እኮ . . .” አሉ ሽማግሌው።

“ደንቡን ያወጡት ሬሳቸውን የቀበሩ ሰዎች ናቸው፣ አባባ።”

ወንዳፈራሁ እንደተንበረከከ ተናገረ። “ከአጋም በር ገደል በታች፣ ዋሻው አፍ ላይ። ድንጋይ ከምሬበታለሁ፤ አውሬ አልነካውም።”

“ባናውስ? በእጄ የፈተልሁትን የበግ ጠጉር ባና ለብሶ ነበር የወጣው።”

አቶ ገብረ አማኑኤል አላየሁም እንዲል በዐይናቸው ጠቀሱት። ወንዳፈራሁ አንገቱን ደፋ።

“ወሰድሁት። ብርድ ነበር። ልጆቼ እስከ ዛሬ ይለብሱታል።”

ታሪኩ ዱላውን ጨብጦ ተነሣ። “ሰማችሁት? ገፎታል።”

“ተቀመጥ” አለችው ወሰንየለሽ። “ይኼን መዋሸት ይችል ነበር። አሁን ዋሻውንም አመንሁት።”

ወደ ወንዳፈራሁ ዞረች። “ድንጋዩን አውርድ። ባናውን ግን ይዘህልኝ ና። አጽሙን የማመጣው በሱ ነው።”

በሳምንቱ አምስቱም አጋም በር ወረዱ። አጽሙ በባናው ተጠቅልሎ ሚካኤል ተቀበረ። ወንዳፈራሁ በሰኔ መሬቱን አርሶ ገብስ ዘራ።